መከታና የሐጂ ነጭ ጀለብያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ሌሊት ከሁለት ልጆቼ ጋር ብቻዬን አድራለሁ። ለዚህ ብለን ያሳደግነው ውሻ አለን፤ ስሙ መከታ ነው፤ አሁን ዘጠኝ ወር ሞላው። ቀን ቀን በሰንሰለት እናስረዋለን፣ ማታ እንለቀዋለን። ችግሩ ሰው ባየ ቁጥር ይዘላል። ባለፈው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ በሩን ስከፍት ሾልኮ ወጣና ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ በሚሄዱት ጎረቤታችን በሐጂ ላይ ዘለለባቸው። ነጭ ጀለብያቸውን በጭቃና በለሃጭ አበላሸው። ሐጂ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ዝም ብለው ልብስ ሊለውጡ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አፍራለሁ። ስጠራው አይመጣም፤ የልጄን የትምህርት ቤት ጫማ አኝኮ ጨረሰው፤ ወንድሜ በዱላ ቢመታውም ባሰበት። ሰው ሁሉ «የሐበሻ ውሻ አይማርም» ይለኛል። ባለቤቴም ገጠር ላለ ዘመድ እንስጠው እያለ ነው። እውነት አይማርም? — የመከታ ባለቤት

መልስ፦ እህቴ፣ ይማራል። ዘጠኝ ወር ለውሻ ጉርምስና ነው፤ ጉልበቱ ሞልቶ ጥንቃቄው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው እንጂ ያለፈበት ጊዜ አይደለም። አምስትና ስድስት ዓመት የሞላቸው ውሾች አዲስ ነገር ሲማሩ አይቻለሁ። «የሐበሻ ውሻ አይማርም» ለሚሉሽ ሰዎች ደግሞ የደጋውን እረኛ ውሻ አስታውሻቸው። ከበጎቹ ጋር ውሎ ያድራል፣ ግልገል አይነካም፣ እረኛው ሲያፏጭለት ይመጣል። ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚፈለግበትን በየቀኑ በአንድ ዓይነት መንገድ ስላየ ተማረ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

እንዲያውም መከታ እስካሁን ብዙ ተምሯል። በሩ ሲከፈት ፈጥኖ ካልሾለከ ሰንሰለት እንደሚጠብቀው ተምሯል። ሰው ላይ ሲዘል እጅ እንደሚዘረጋለት፣ ጩኸት እንደሚሰማ፣ ቀኑን ሙሉ ዞር ብሎ ያላየው ሰው በዚያች ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ እንደሚዞር ተምሯል። «ና» የሚለው ቃል ወይ ሰንሰለት ወይ ዱላ ማለት መሆኑንም ተምሯል። ይህን ሁሉ ያስተማራችሁት እናንተው ናችሁ፣ ሳታውቁት። የምነግርሽ ልወቅስሽ አይደለም። ያለ ሐሳብ ያስተማራችሁት ነገር እንዲህ ከጸና፣ አስባችሁ የምታስተምሩት ደግሞ እንዴት ሊጸና እንደሚችል እንድታይው ነው።

ከመከታ በፊት ግን ስለ ሐጂ ልናገር፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚያ ላይ ነው። እኔም እንደ ብዙ ወሎዬ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበታ ዙሪያ ከሚቀመጡበት ቤት ነው የወጣሁት፤ ስለዚህ የሐጂ ዝምታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም በሻፊዒ የእስልምና ሕግ መንገድ፣ የውሻ ለሃጭ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር ይታጠባል። ለሃጭ የነካው ልብስ ሳይጸዳ ሶላት አይሰገድበትም። እሳቸው ወደ ቤት የተመለሱት ለጭቃው ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ያን ዕለት ጀመዓውም፣ አብሮ የሚሰገደው ሶላት፣ ሳያመልጣቸው አይቀርም። ክርስቲያን ጎረቤቶችሽም ቢሆኑ ኪዳን ለማድረስ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ ውሻ እንዲነካቸው አይፈልጉም። ደሴ በማለዳ፣ ከጦሳ የወረደው ጉም ሳይገፈፍ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ነጭ የለበሰ ሰው የሚሄድባት ከተማ ናት። መከታ መማር ያለበት የመጀመሪያው ጨዋነት ለዚህ ማለዳ የሚሆነው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ሐጂ ሂጂ። ልጅ አትላኪ፤ ራስሽ ሂጂ። ይቅርታ ጠይቂያቸውና በሱብሒ ሰዓት ውሻው በር ላይ እንደማይገኝ ቃል ግቢላቸው፤ ቃልሽንም ጠብቂ። ውሻ ስላለሽ የጠሉሽ አይምሰልሽ። ለአደን፣ ለመንጋና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ በሃይማኖታቸው እንደሚፈቀድ፣ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውም ኃጢአቱ ይቅር እንደተባለለት ከአንቺም ከእኔም አስበልጠው ያውቃሉ። እሳቸውን ያስቸገራቸው የውሻው መኖር አይደለም፤ በሩ ያለ ጠባቂ መከፈቱ ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ። ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት የዋለ ወጣት ውሻ ማታ ሲለቀቅ ያብዳል፤ ጉልበቱን የሚያወጣበት ሌላ ጊዜ የለውማ። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የታሰረ ውሻ ፈርቶ መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ ወደ ፊት መውጣት ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በቆርቆሮው ቀዳዳ እያዩ «ያዘው! ያዘው!» ሲሉትና ጠጠር ሲወረውሩበት፣ ሰው ማለት የሚያስቆጣና የማይደረስበት ነገር እንደሆነ እየተማረ ነው። የግቢሽ አጥር ደህና ከሆነ ቀንም ፍቺው፣ በሩን ግን ዝጊው። አጥሩ ክፍት ከሆነ በግቢው አንድ ጥግ በእንጨትና በሽቦ ጥላ ያለው በረት አሠሪለት፤ እዚያ ውስጥ ዞሮ ይተኛል፣ ሲሻው ይነሳል፣ ከሚፈራው ነገርም ፈቀቅ ማለት ይችላል። ለጊዜው ሁለቱም የማይሆኑልሽ ከሆነ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ሽቦ ወጥረሽ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ እንዲሄድ አድርጊው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ በገመድ ይዘሽው ውጪ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ግማሽ ሰዓቱ ይበቃዋል። ይህን ሳታደርጊ ትምህርቱን ብትጀምሪ ልፋትሽ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ይሆናል።

ቀጥሎ ቃላቱን ምረጪ። ቤታችን ውስጥ ለውሻ የምንናገረውን ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? አንዱ «ተቀመጥ» ይላል፣ ሌላው «ቁጭ በል»፣ ሦስተኛው «አርፈህ አትቀመጥም እንዴ!» ይላል። ለእኛ አንድ ሐሳብ ነው፤ ለእሱ ግን ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አማርኛችን ግሡን እያረባ ብዙ መልክ ስለሚሰጠው በዚህ በኩል ለውሻ ከባድ ቋንቋ ነው። አራት አጫጭር ቃላት ይበቁሻል፦ ለመቀመጥ «ቁጭ»፣ ለመምጣት «ና»፣ በር ላይ ለመቆየት «ጠብቅ»፣ ለመተው «ተው»። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ልጆቹም፣ ወንድምሽም፣ ባለቤትሽም ከእነዚህ አይውጡ። ልጅሽን «ና» ብለሽ ስትጠሪም መከታ ይሰማል፤ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይከተለው የሚሰማው ቃል ደግሞ ይደነዝዝበታል። ስለዚህ እሱን ስትጠሪ ሁልጊዜ ስሙን አስቀድሚ፦ «መከታ፣ ና!»

ከአራቱ ቃላት የሚበልጥ አምስተኛ ቃል አለ፤ እሱም «ጎበዝ» ነው። ሩሲያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1904 በምግብ መፈጨት ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ ከምግብ በፊት አንድ ድምፅ ደጋግመው የሰሙ ውሾች ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ለሃጫቸው እንደሚወርድ አሳይቷል። አንቺም የምታደርጊው ይህንኑ ነው። ለሁለት ቀን ያህል ምንም ሳታዢው «ጎበዝ» በዪና ወዲያው አንድ ቁራሽ ስጪው። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከደገምሽው ቃሏን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፣ ዓይኑ ወደ እጅሽ ይዞራል። ከዚያ በኋላ «ጎበዝ» በእጅሽ ያለች መብራት ሆነች ማለት ነው፤ ትክክለኛውን ነገር በሠራባት ቅጽበት ታበሪበታለሽ። ቅጽበቷ ወሳኝ ናት። ከተቀመጠ በኋላ ቁራሹን ከኪስሽ ስትፈልጊ አምስት ሰከንድ ካለፈና እሱ ተነሥቶ ከሆነ፣ የከፈልሽው ለመነሣቱ ነው። ቃሏን ግን በሰዓቱ ካልሻት ምግቡ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም አይጎዳም።

ምን ትሰጪዋለሽ? ውድ ነገር አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት ጥቂት ሳንባ ወይም ጉበት ገዝተሽ ቀቅዪው፣ በሽምብራ ፍሬ መጠን ክተፊው። ያለ ቅመም የተጠበሰ ዳቦ ቆሎም ይሆናል። መቀቀሉን አደራ እልሻለሁ። በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያለሽ፤ ውስጡ የትል እጭ አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በልጆች እጅ አድርጎ ወደ ሰው ሆድ ይገባና በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። በፋሲካም በአረፋም ከእርድ የተረፈውን «ለውሻው» ብለን ጥሬውን የምንወረውረው ነገር ትልቅ ስሕተት ነው። ወጥም አትስጪው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። የምትሰጪውን ቁራሽ ከራቱ ቀንሺለት። ትምህርቱም ሁልጊዜ ከምግብ በፊት ይሁን፤ የጠገበ ውሻ አይሠራልሽም።

«ቁጭ»ን ለማስተማር ቁራሹን አፍንጫው አጠገብ ያዢና ቀስ ብለሽ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፊው። አፍንጫው እጅሽን ተከትሎ ሲነሣ መቀመጫው በራሱ ይወርዳል። መሬት በነካባት ቅጽበት «ጎበዝ»፣ ከዚያ ቁራሹ። በእጅሽ ወገቡን አትጫኚው፤ ተጭነሽ ያስቀመጥሽው ውሻ መግፋትን ነው የሚማረው። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ያለ ምንም ቃል አድርጊው፤ እጅሽን ስታነሺ ወዲያው መቀመጥ ሲጀምር ያኔ «ቁጭ» የሚለውን ከእጅሽ እንቅስቃሴ በፊት ጨምሪበት። በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አትለፊ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። መከታ ይህን በጥቂት ቀናት ያውቀዋል። ማወቁና ሰው ባለበት ማድረጉ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን፤ ወደ መዝለሉ። ውሻ ወደ ሰው ፊት የሚዘለው በአብዛኛው ከደስታ ነው። ቡችሎች ሰላም የሚሉት የእናታቸውን አፍ በመላስ ነው፤ የሰው አፍ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለው። ቡችላ እያለ እግራችሁ ላይ ሲወጣ ትስቁለት ነበር፤ አይደል? አሁን ክብደቱ አድጎ ያው ሰላምታ ጥፋት ሆነበት። ስትገፊው ጨዋታ ይመስለዋል። ስትጮሂበትም አብረሽው የጮህሽ ይመስለዋል። የሚገባው ቋንቋ አንድ ነው፦ አራቱም እግሮቹ መሬት ላይ ካልሆኑ ሰው የሚባል ነገር ይጠፋል። ሲዘል እጅሽን አጣጥፊ፣ ጀርባሽን ስጪው፣ ዓይኑን አትዪው፣ ቃል አይውጣሽ። እግሮቹ መሬት ሲነኩ ዞረሽ «ጎበዝ» በዪና ቁራሹን ዝቅ አድርገሽ መሬት አጠገብ ስጪው። እንደገና ከዘለለ እንደገና ጀርባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል፤ እስካሁን የሠራለት ነገር ለምን እንዳልሠራ ግራ ስለሚገባው በኃይል ይሞክራል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህች ላይ ነው። አንቺ እንዳትቆርጪ እለምንሻለሁ። በዚያች የባሰች ቀን «ኧረ በቃ» ብለሽ አንድ ጊዜ ብታቅፊው፣ አጥብቆ ከዘለለ በመጨረሻ እንደሚሳካለት አስተማርሽው ማለት ነው።

ቤተሰቡ ላይ መዝለል ሲተው ለእንግዳ ታዘጋጂዋለሽ። ለዚህ ከቡና ሰዓት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ከቡናው ፈንጠር ብሎ፣ ሰዎቹን ማየት የሚችልበት ቦታ ላይ አሮጌ ጆንያ አንጥፊለትና በገመድ እሰሪው፤ ገመዱ ሰው ጋ የማያደርሰው ይሁን። ረከቦቱ ሲቀርብ መከታ ጆንያው ላይ ይሁን። አቦሉ ሲቀዳ ዝም ብሎ ከተኛ አንዲት ቁራሽ፣ ቶናው ላይ አንዲት፣ በረካው ላይ አንዲት፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም በየደቂቃው። ሰው መምጣቱ ማለት ለእሱ ጆንያው ላይ መልካም ነገር መውረዱ ይሆናል። ከጎረቤቶችሽ መካከል ውሻ የማይከብደው ሰው ፈልጊና እርዳታ ጠይቂው፦ መከታ በገመድ ተይዞ ሳለ ሰውየው ከአሥር እርምጃ ላይ ቀስ ብሎ ይምጣ። መከታ ቁጭ ካለ ይቅረብ፣ አንቺም ክፈዪው። ከተነሣ ወይም ከዘለለ ሰውየው ቃል ሳይናገር ዞሮ ይመለስ። አሥር ጊዜ ይደገም፤ በሌላ ቀን በሌላ ሰው፣ ከዚያም ጀለብያና ነጠላ በለበሰ ሰው፣ ከዚያ ዣንጥላ በያዘ ሰው። ውሻ ያልለመደው አለባበስ ያስደነግጠዋል። ሐጂ ግን መለማመጃ አይሁኑ። ውሻሽ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን እሳቸው ራሳቸው ካልጠየቁ በስተቀር በገመድም ቢሆን ወደ እሳቸው አታስጠጊው። አንዳንድ ሰው «አይነካዎትም፣ ጨዋ ነው» እያለ ውሻውን ወደማይፈልገው ሰው ሲያስጠጋ አያለሁ፤ ይህ ውሻውን ማስተማር ሳይሆን ጎረቤትን ማስገደድ ነው።

ለበሩ የሚሆነው ትምህርት አጭር ነው። ገመዱን ያዢ፣ «ቁጭ» በዪ፣ ከዚያ «ጠብቅ» ብለሽ እጅሽን ወደ መቀርቀሪያው ላኪ። ከተነሣ እጅሽን መልሺ። ከቆየ በሩን በስንዝር ክፈቺ። ከተነሣ ዝጊ። መቆጣት አያስፈልግም፤ በሩ ራሱ ይነግረዋል፦ መነሣት ይዘጋዋል፣ መቀመጥ ይከፍተዋል። ለሳምንት ያህል በየቀኑ ካደረግሽው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ፊትሽን እያየ ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ ግን ማለዳ በሩን ከመክፈትሽ በፊት በረት ውስጥ አስገቢው፤ ትምህርቱ ገና ባልጸናበት ሰዓት ፈተና አትስጪው።

ስለ «ና» የምነግርሽ ነገር ግን ከራሴ ሕይወት ነው። ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀይ ውሻ ነበረኝ፤ ወደ ቦርከና ወንዝ ስወርድ ይከተለኛል። አንድ ቀን ስጠራው ዘገየ፤ ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ሲያሸት ብዙ ቆይቶ ጅራቱን እየቆላ መጣ። በያዝኩት ገመድ መታሁት። ለመዘግየቱ የቀጣሁት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የተማረው ወደ እኔ መምጣት እንደሚያም ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ፤ ከዚያ በኋላ ስጠራው ይመጣና አሥር እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። አንድ ምሽት ዋናውን የመኪና መንገድ ተሻገረ። እንዲመለስ ጠራሁት። መጣ፤ አስፋልቱ መሐል ሲደርስም እንደ ልማዱ ቆመና እጄን ተመለከተ፤ የያዝኩት ነገር መኖሩን ለማወቅ። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ነበር፤ አልደረሰለትም። ብዙ ዓመት ሆነው። አስተያየቱ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ እህቴ፣ መከታን ጠርተሽው ሲመጣ፣ የፈለገውን ያህል ቢዘገይ፣ ምንም ነገር አጥፍቶ ቢመጣ፣ በደስታ ተቀበዪው። የተበላሸውን «ና» ለማደስ አሥር ሜትር የሚሆን ቀላል ገመድ ግዢና ከአንገቱ ማሰሪያ ጋር እሰሪው። በመጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ሌላ ነገር ባልያዘበት ሰዓት፣ «መከታ፣ ና!» ብለሽ ወደ ኋላ ሩጪ። ውሻ የሚሸሸውን ይከተላል፤ የሚያሳድደውን ግን ይሸሻል። ሲደርስ «ጎበዝ» በዪና አንድ ሳይሆን አራት አምስት ቁራሽ ተራ በተራ ስጪው፤ ከቃላቱ ሁሉ ብዙ የሚከፈልበት ይህ ይሁን። ከዚያ ልቀቂው፣ ወደ ጨዋታው ይመለስ። ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ ወደ ነፃነት የሚመልሱት ከሆኑ አሥረኛው ወደ በረት ቢወስደው አይከፋውም። እንደሚመጣ እርግጠኛ ባልሆንሽበት ሰዓት አትጥሪው፤ ሄደሽ ያዢው። ግቢ ውስጥ ከጸና በመንደሩ መንገድ ላይ፣ ቀጥሎም ሰው በማይበዛበት ሜዳ፣ ሁልጊዜ ረጅሙ ገመድ እየተጎተተ። ይህ ትምህርት ወራት ይወስዳል። የሚያሳጥረው መንገድ የለም።

ጫማው ቀላል ነው፤ ጫማዎቹ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፣ ለእሱ ደግሞ የሚያኝከው የራሱ ነገር ይኑረው። በደንብ የተቋጠረ አሮጌ ጨርቅ ወይም ወፍራም ገመድ ይሆናል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሆንም። ጫማውን ሲያኝክ ካገኘሽው «ተው» ብለሽ የራሱን ነገር አሳዪው፤ ሲለቅ «ጎበዝ»። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተበላውን ጫማ አፍንጫው ላይ ይዞ መምታት ግን ምንም አያስተምረውም። ጆሮውን ጥሎ ዓይኑን ሲሰብር «ጥፋቱን አውቋል» እንላለን፤ እሱ ያወቀው የአንቺ ፊት መቆጣቱን ብቻ ነው።

ወንድምሽን ዱላውን እንዲያስቀምጥ አጥብቀሽ ንገሪው። ዱላ የሚያርፍበት ውሻ ከሁለት አንዱን ይሆናል። ወይ ሁሉን የሚፈራ ይሆንና ቤትሽን የሚጠብቅበት ልብ አይኖረውም፤ ወይ ደግሞ ይናከሳል። በተለይ ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያው ነው፤ በዱላ ካጠፋችሁበት ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ታሳድጋላችሁ። ሲያጉረመርም ራቁና ምን እንዳስፈራው ፈልጉ። ልጆችሽም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ይሁን። ሌሊት ጅብ ሲወርድ ቢጮህ ግን ሥራው ነው፤ ተዪው።

ክትባቱን በደብዳቤሽ አላነሳሽም፤ ስለዚህ እኔ አነሳዋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። መከታ ካልተከተበ በዚህ ሳምንት ወደ እንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ውሰጂውና የክትባት ወረቀቱን አስቀምጪ። የሆድ ትል መድኃኒትም አብረሽ ጠይቂ። ማንም ውሻ፣ የተከተበም ቢሆን፣ ሰው ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ሂዱ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ጸበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን።

የቀረው ባለቤትሽ ነው። ውሻውን ለዘመድ ለመስጠት ከመወሰኑ በፊት ሁለት ወር እንዲሰጥሽ ጠይቂው። እስከዚያው ግን ከሁሉም አስቀድሞ እሱን አስተምሪ፤ ብዙ ቀን ጠፍቶ ሲመጣ መከታ ከማንም በላይ የሚዘለው በእሱ ላይ ነውና። እሱም ናፍቆት ስላለበት ደረቱ ላይ ሲወጣ አቅፎ ይቀበለዋል፤ የአንድ ሳምንት ልፋትሽ በዚያች ደቂቃ ይፈርሳል። አሁኑኑ፣ መንገድ ላይ ሳለ፣ ደውዪለትና ንገሪው፦ ከመኪናው ሲወርድ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ዳቦ ቆሎ ይያዝ፣ በሩን በስንዝር ከፍቶ «ቁጭ» ይበል፣ መከታ እስኪቀመጥ ድረስም ወደ ውስጥ አይግባ።